ችግኝ ሲጸድቅ

የመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ አዲስ አበባን ካጠበ በኋላ፣ በየወንዙ ዳርና በየአስፋልቱ ጥግ ያሉት የችግኝ መሸጫዎች ይደምቃሉ። በጥቁር ፕላስቲክ የቆሙት ሎሚ፣ አቮካዶ፣ ጌሾና ጽጌረዳ ውኃ ተርከፍክፎባቸው ያብረቀርቃሉ። ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከሎሚዎቹ ፊት ይቆማሉ፤ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ያገላብጡታል።

«ልጄ፣ ይሄ ይጸድቃል?»

«ውኃ ካልነፈጉት ለምን አይጸድቅም፣ እማማ!»

«አምና የወሰድኩት እኮ አልጸደቀልኝም።»

«ስንት ቀን አጠጡት?»

እናትየው ዝም ይላሉ። ቆይተው «እግዜር አላለውም» ይላሉ። ሻጩም «እሱስ ካላለ…» ብሎ ይስማማል፤ ተስማምቶም ሌላ ሎሚ ይሸጥላቸዋል። ይህ ንግግር በፀደይ መባቻ በየቀኑ፣ በየመሸጫው፣ በጥቂቱ እየተለወጠ ይደጋገማል። ሁለቱም ሳይታወቃቸው አብያተ ክርስቲያናትን ለዘመናት ያከራከረ ነገር ላይ ቆመዋል፤ የሚጸድቅ ሁሉ የሚጸድቀው በማን ሥራ ነው?

በአማርኛ የሚጸድቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሰው ይጸድቃል። አዋጅ ይጸድቃል። ችግኝ ይጸድቃል። የአዋጁን ለምክር ቤቱ እንተወው። የሰውየውና የችግኙ ግን በአንድ ቃል መጠራታቸው ያስገርማል። ግዕዙ «ጸድቀ» እውነተኛ ሆነ፣ ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ ችግኝም ከተተከለበት አፈር ጋር ተስማምቶ፣ ሥር ሰዶ፣ የተባለውን ሆኖ ሲገኝ ጸደቀ ይባላል። ቃሉ መሥሪያ ቤትም ገብቷል። የግብርና ባለሙያ ሪፖርት ሲያቀርብ «የጽድቀት መጠን» ብሎ በመቶኛ ያስቀምጣል፤ ቃሉን ብቻ ለሰማ ሰው ስለ መንግሥተ ሰማያት የሚያወራ ይመስላል።

እናትየው የተጠቀሙባት ትንሽ ምዕላድ ደግሞ ከቃሉ ትብሳለች። «አልጸደቀም» አላሉም፤ «አልጸደቀልኝም» ነው ያሉት። የጓሮ አማርኛ እንዲህ ነው። ሰው ሥራውን ሲናገር ራሱን ባለቤት ያደርጋል፦ ቆፈርኩ፣ ዘራሁ፣ ተከልኩ፣ አጠጣሁ፣ ኮተኮትኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሲመጣ ግን ሰዋስዉ ይገለበጣል። ጎመኑ በቀለልኝ፣ ሎሚው ጸደቀልኝ፤ ወይም ጠወለገብኝ፣ ደረቀብኝ። ባለቤቱ ተክሉ ነው፤ ሰውየው የዋለለት ወይም የደረሰበት ሆኖ በቃሉ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። በእርግጥ የቢሮው አማርኛ «አትክልት አብቃይ ማኅበር»፣ «ቡና አብቃይ ገበሬ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። በቤት ውስጥ ግን ሰው ያለ ሐፍረት አበቀለ የሚባለው ጥርስና ጢም ሲያወጣ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ማንም ደክሞባቸው አላወጣቸውም።

ጥያቄው በዚህ ወቅት የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፀደይ የሚለው ቃል የከተማን ሰው ያሳስተዋል፤ አደይ አበባና መስከረም ትዝ ይሉታል። የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ግን አበባው የሚፈካበትን፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን፣ መፀው ይለዋል። ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው። ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። ስለዚህ የኛ ፀደይ መባቻ የአበባ ወራት ሆኖ አያውቅም። አቧራ የሚረጥብበት፣ የአፈር ሽታ የሚነሣበት፣ ሰማዩ ቃል ገብቶ የሚያጥፍበት ጊዜ ነው። ገበሬው በልግ ይለዋል። በአገር ደረጃ የበልግ እህል ከዓመቱ ምርት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው ይባላል፤ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ግን በዚያች በምታመነታ ዝናብ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚጥል ቤተሰብ አለ። የበልግ ገበሬ ደመና ሲያይ ያለው ስሜት ዝናቡ ከማይቀርበት ከሐምሌው ገበሬ ስሜት ይለያል። ያኛው ዝናቡ ሲመጣ ይዘራል፤ ይኼኛው ይመጣል ብሎ ይዘራል።

የቤተ ክርስቲያኑ ቀመርም በዚያው በፀደይ መግቢያ ሳምንት ላይ ብዙ ነገር አከማችቷል። መጋቢት 26 ፀደይ ይገባል። መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለት ነው። መጋቢት 29 ጥንተ ትንሣኤ ነው፤ በዚያው ቀን በዓለ ትስብእት፣ የጌታ ፅንሰት፣ ይከበራል። ዘር መሬት በሚገባበት ሳምንት መቀበር፣ መነሣትና መፀነስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀመሩን የሠሩት ሊቃውንት ጓሮ ነበራቸው ብሎ መጠርጠር አያስኮንንም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በሁዳዴ ነው። ሥጋና ወተት ከቤት በወጡበት በዚያ 55 ቀን ውስጥ የኢትዮጵያ ማድ ቤት ለጓሮው ጥያቄ የራሱ ቤተ ሙከራ አለው፤ በቆልት። ባቄላው ማታ በጎድጓዳ ሳሕን ይዘፈዘፋል። ጠዋት የተሸበሸበው ቆዳ ተወጥሮ ተገኝቷል፤ ፍሬው አድጎ የራሱን ክብደት የሚያህል ውኃ ጠጥቷል። ውኃው ይጠነፈፋል፤ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በቅጠል ተሸፍኖ ከጨለማ ጥግ ይቀመጣል። በማግሥቱ ጨርቁን የገለጠ ሰው በባቄላው ጥቁር ቅንድብ አጠገብ ቆዳው ሲሰነጠቅ ያያል። በሦስተኛው ቀን ከስንጥቁ የወጣ ነጭ ጫፍ አለ፤ የሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ የመሰለ፣ እርጥብ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ። አፈር የለም። ፀሐይ የለም። የዘራ የለም፤ ሊቀቅለው ያሰበ ሰው ብቻ ነው ያለው። ባቄላው ግን በቅሏል።

ባቄላውን ማን ነገረው? ቻርልስ ዳርዊን ይህንኑ ሥር በጥሞና ካዩት አንዱ ነው። ወጣት ሳለ ካህን ሊሆን ካምብሪጅ የገባው ይህ ሰው፣ በስተርጅናው ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ባቄላ እያስበቀለ የሥሩን ጫፍ ይቆርጥ፣ ያዞር፣ ይሰቅል ነበር። በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የሥሩ ጫፍ በዝቅተኛ እንስሳት ዘንድ አንጎል የሚሠራውን ያህል ይሠራል እስከ ማለት ደረሱ። ዛሬ የሚታወቀው እንዲህ ነው። በሥሩ ጫፍ ያሉ ሴሎች ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ ልክ እንደ ድንጋይ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ባቄላውን ብትገለብጡት ቅንጣቶቹ ወደ አዲሱ ታች ይንከባለላሉ፤ ሥሩም በሰዓታት ውስጥ ተጣምሞ ይከተላቸዋል። ምግቡንም ይዞ ነው የመጣው፤ ሁለቱ የባቄላ ክኮች ስንቁ ናቸው።

ለፋሲካ ጠላ ብቅል የምታዘጋጅ ሴት ይህን ስንቅ ሲከፈት በምላሷ ታውቀዋለች። ገብሱ ሲበቅል ፅንሱ ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ የፍሬው ቆዳ ውስጠኛ ሽፋን ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል፤ ገብሱም ይጣፍጣል። ልክ በዚህ ጊዜ ፀሐይ ላይ አስጥታ ታቆመዋለች። እንዲበቅል ማዘዝ አትችልም፤ ልታቆመው ግን ትችላለች። ሰው በዘር ላይ ያለው የማያጠራጥር ሥልጣን ይህች ብቻ ትመስላለች፤ መብላትና ማድረቅ።

የሥነ ሕይወቱ ማብራሪያ የእምነቱን ጥያቄ ዘጋው የሚሉ አሉ። ጉዳዩ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። በማርቆስ ወንጌል አንድ ምሳሌ አለ፤ ሰውየው ዘሩን ይበትናል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ዘሩም እንዴት እንደሆነ እሱ ሳያውቅ ያድጋል። ምድሪቱ ፍሬዋን የምትሰጠው በራሷ ነው ይላል፤ ለዚያ «በራሷ» የግሪኩ መጽሐፍ የተጠቀመው ቃል «አውቶማቴ» ነው፤ ዛሬ አውቶማቲክ የምንለው። ቁርአንም በሱረቱል ዋቂዓ ዘሪዎችን ያፋጥጣቸዋል፤ የምትዘሩትን አያችሁት ወይ፣ የሚያበቅለው ማን ነው እያለ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የተከለውንና ያጠጣውን ከአሳዳጊው ለይቶ ጽፏል። እንግዲህ ቄሱ፣ ሼኹና የዕፀዋት ተመራማሪው «ማን?» በሚለው ላይ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ማንም ይሁን ማን፣ ባለጓሮው አይደለም።

ታዲያ ለባለጓሮው ምን ቀረለት?

መልስ ከተፈለገ ከሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሙሉው ጽሑፍ በዓለም ላይ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየ መጽሐፍ አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጥ ቁርጥራጮቹ እስኪገኙ ድረስ ሌላው ዓለም የመጀመሪያ ቋንቋውን መልክ አያውቀውም ነበር። ኩፋሌ ስለ አዳም ከዘፍጥረት የበለጠ ያወራል። አዳምና ሔዋን ከመሳሳታቸው በፊት በገነት ሰባት ዓመት እንደኖሩ፣ መላእክት የእርሻን ሥራ እንዳስተማሯቸው፣ አዳም አትክልቱን ከወፍ፣ ከአውሬና ከከብት ይጠብቅ እንደነበር፣ ፍሬውን ለቅሞ የተረፈውን እንዳስቀመጠ ይናገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሥራ የመጣው በእርግማን ነው ብሎ ያስባል፤ በኩፋሌ ግን ገነት ውስጥ ወፍ የሚያባርር ሰው አለ። ገነት እንኳ ያለ ጠባቂ አልተተወችም።

ስለ አብርሃም የሚለው ደግሞ ይብሳል። ከሱ ልደት በፊት ጀምሮ መስቴማ፣ የክፉ መናፍስት አለቃ፣ የተዘራውን ዘር እንዲለቅሙ ቁራዎችን ይልካል። አገሩ ይራባል። አብርሃም ገና 14 ዓመቱ ነው። ከገበሬዎቹ ጋር ይወጣል፤ የቁራው መንጋ መሬት ሳይነካ ሮጦ ይቀድመዋል፣ ይጮኽበታል፣ ይመልሰዋል። በአንድ ቀን ሰባ ጊዜ እንደመለሳቸው ተጽፏል። ሰባ ጊዜ! ቲማቲሙን ከወፍ ለማዳን ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ጉሮሮው ይደርቃል። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ተአምር ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን ይቀጥላል። በኋላ አብርሃም ለሞፈርና ለቀንበር ጠራቢዎቹ አንድ ነገር ያስተምራቸዋል፤ ከማረሻው በላይ የሚገጠም፣ ዘሩን አፈር ውስጥ የሚጥል መሣሪያ። ዘሩ ወዲያው ይሸፈናል፤ ቁራው የሚለቅመው ያጣል። ከዚያ ወዲያ ሰዎቹ ቁራ መፍራት ተዉ።

የእምነት አባት የሚባለው ሰው ከዲያብሎስ የተላከ መቅሠፍት ሲገጥመው ያደረገው ይህ ነው፤ መጀመሪያ በጉሮሮው፣ ቀጥሎ በመዘርያ። መጽሐፉ ሁለቱን አያጣላም። መቅሠፍቱ መንፈሳዊ ሆኖ መፍትሔው አናጢ ዘንድ መገኘቱ ጸሐፊውን ቅንጣት አላስጨነቀውም። ዛሬ በየመድረኩ «በጸሎት ነው» እና «በቴክኖሎጂ ነው» የሚባባሉት ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት ዝም ባይሉ እንኳ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር።

በአማርኛ «ጠበቀ» ሁለት ነገር ነው። ዘብ ቆመ፤ ደግሞም እስኪመጣ ታገሠ። አዳም አትክልቱን ጠበቀ ሲባል የትኛው ነው? በጓሮ ሁለቱ አይለያዩም። ወፍ የሚያባርረው ሰው እስኪበቅል የሚታገሠው ሰው ነው።

ይህ ዓይነቱ ጠባቂነት አንዳንዴ ሰው ይፈጃል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በየደጋው እየዞረ የገብስና የስንዴ ዘር ሰብስቦ ነበር፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ብሎ መደባት። ያ ዘር ሌኒንግራድ በነበረው የዘር ክምችቱ ውስጥ ገባ። ከ1941 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በጀርመን ጦር ስትከበብ የተቋሙ ሠራተኞች በእህል ከረጢት መካከል ተቀምጠው በረሃብ ሞቱ፤ የሩዝ ባለሙያው ከሩዝ ጋር እንደተዘጋበት አለቀ። ቫቪሎቭ ራሱ በስታሊን እስር ቤት፣ ሳራቶቭ ውስጥ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ተርቦ ሞተ። እነዚያ ሰዎች ምን ያምኑ እንደነበር አናውቅም። ያደረጉትን ግን የወሎ እናት ወዲያው ታውቀዋለች፤ የዘር እህል አይበላም። በክፉ ቀን የዘር ጎታ የከፈተ ቤት ያን ቀን ምን እንደተዘጋበት እሷ ነች የምትነግርህ።

አንዳንዴም ጠባቂ ሳይኖረው ዘሩ ራሱ ይጠብቃል። በእስራኤል ከማሳዳ ምሽግ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቁፋሮ የወጡ የተምር ፍሬዎች ለ40 ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ዕድሜያቸው ሁለት ሺህ ዓመት ግድም ነው። ሳራ ሳሎን የተባለች ሐኪም ለመነች፤ ኢሌን ሶሎዌ የተባለች የእርሻ ባለሙያ በጥር 2005 እ.ኤ.አ.፣ አይሁድ የዛፎች አዲስ ዓመት በሚሉት በዓል፣ ሦስቱን ዘራች። አንዱ በቀለ። ማቱሳላ ብለው ጠሩት። ሌሎቹ ሁለቱ ለምን አልበቀሉም? አንድ ውኃ፣ አንድ አፈር፣ አንድ እጅ ነበር።

ከግብፅ በረሃ የመጣ ሌላ ታሪክ ይህንኑ ቁስል ይነካል። ስንክሳር በጥቅምት 20 የሚያስታውሰውን ዮሐንስ ሐጺርን መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክለው በየቀኑ አጠጣ አሉት። ውኃው ሩቅ ስለነበር ማታ ሄዶ ንጋት ላይ ይመለሳል። ሦስት ዓመት አጠጣ። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለመለመና አፈራ፤ መምህሩም ፍሬውን ለመነኮሳቱ አቅርበው የመታዘዝን ፍሬ ብሉ አሏቸው። ይህ የሚታወቀው ታሪክ ነው፤ ሰባኪዎችም ይወዱታል። ብዙ የማይነገረው፣ በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴው ጸሐፊ ዮሐንስ ካስያን ስለ ሌላ ዮሐንስ፣ ስለ ሊቆጶሊሱ ባሕታዊ፣ ያስቀመጠው ነው። እሱም ደረቅ እንጨት ተሰጠው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሩቅ ውኃ እየቀዳ፣ በዓልም ሕመምም ሳይል አንድ ዓመት አጠጣ። መምህሩ መጥተው ሥር ሰደደ ወይ ብለው ጠየቁት። አላውቅም አለ። ሽማግሌው እንጨቱን ያዝ አድርገው ነቀሉት፤ ወዲያ ወረወሩትና ማጠጣቱን ተው አሉት። በቃ።

ሁለቱ ታሪኮች አንድ ነገር ያስተምራሉ የሚል ሰው ጓሮ ኖሮት አያውቅም። በመጀመሪያው ሥራ ይከፈለዋል፤ የጠበቀ ያገኛል። በሁለተኛው እንጨቱ ከመጀመሪያውም ደረቅ ነበር፣ መምህሩም ያውቁ ነበር፣ የጸደቀው ያጠጣው ብቻ ነው። የኦርቶዶክስ መምህር ሃይማኖት ከምግባር ጋር ይላል፤ የወንጌላዊው ሰባኪ ጽድቅ በእምነት ብቻ ይላል፤ ክርክሩ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ እንኳ ይነሣል። ካስያን ግን ሦስተኛ፣ የሚያንገሸግሽ ነገር አቅርቧል። ውኃው የተቀዳው ለማንም ሳይሆን ለመቅዳት ነው። ይህን ለልብ መቀበል ከባድ ነው፤ ልጆቿን የምታበላ ሴት ጎመን ተክላ ጎመን ትጠብቃለች፤ ደግሞም ልክ ነች።

የነብዩ ሙሐመድ ሐዲስ በዚህ ላይ የሚገርም መልስ አለው። አነስ ያስተላለፉት፣ በኢማም አሕመድ ሙስነድ የተዘገበው ሐዲስ፣ ቂያማ ሲቆም በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከለው ይላል። ነገ የለም። ሥር የሚሰድበት ሳምንት የለም። የጽድቀቱ መጠን ዜሮ ነው። ይተክላል። ሁለቱ እምነቶች ደግሞ በጓሮም ጎረቤት ናቸው፤ በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የተጀመሩት፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ለሁለት አቆጣጠር የሚጾሙ ጎረቤቶች በአንድ ቧንቧ እየተፈራረቁ ጓሯቸውን አጠጥተዋል።

መልሱ ምንም ይሁን፣ «እግዜር አላለውም» የምትለዋ ቃል መመርመር አለባት። የደረቀ ችግኝ ብዙ ጊዜ ሥነ መለኮታዊ ምሥጢር የለውም። ችግኝ ከመደብ ሲነቀል ውኃ የሚጠጡት ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮቹ ይበጣጠሳሉ፤ ቅጠሎቹ ግን ውኃ ማትነናቸውን አያቆሙም። በጠራራ ፀሐይ የተተከለ የጎመን ችግኝ በሁለት ሰዓት አንገቱን የሚደፋው ለዚህ ነው። አሮጌ እናቶች አመሻሽ ላይ፣ ወይም ሰማዩ ደመን ሲል የሚተክሉት፣ የታችኞቹን ቅጠሎች የሚቀነጥሱት፣ በቅርንጫፍ የሚጋርዱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ፕላስቲኩን ሳይቀድ የቀበረ ሰው ደግሞ አለ። ሥሩ በዚያች ከረጢት ውስጥ እየዞረ ራሱን ያንቃል፤ በዓመቱ ነቅሎ ሲያየው የተጠቀለለ ገመድ ያገኛል። እግዜር ምን ያድርግ?

መንግሥትም ከዚህ ሐሜት አያመልጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። መትከል ካሜራ አለው፤ ዘፈን አለው፤ ባለሥልጣን ጫማውን ያጭቀያል። በየካቲት ደረቅ ወር ያንኑ ችግኝ በጀሪካን የሚያጠጣ ሰው ግን ማንም አይቀርፀውም። ተከልኩ ማለት ቀላል ነው። ጸደቀልኝ ለማለት በጋ ማለፍ አለበት።

ከሁዳዴ እሑዶች ስድስተኛው ገብር ኄር ነው፤ መክሊት የተቀበሉት አገልጋዮች የሚነበቡበት። አንዱ አገልጋይ ወርቁን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ጌታው ሲመጣ እንዳለ አወጣለት። የሚቀጣውም ለዚህ ነው። በቆፋሪነት ከሆነ ከማንም አላነሰም፤ ጥፋቱ ከቀበረ በኋላ ምንም አለመጠበቁ ነው። ያን መሬት አላጠጣውም፣ ወፍ አላባረረም፣ ጠዋት ተነሥቶ አላየውም። ወርቅ እንደማይበቅል ስለሚያውቅ ተኝቷል።

በዮሐንስ ወንጌል የትንሣኤ ማለዳ መቃብሩ በአትክልት ቦታ ነው። መግደላዊት ማርያም ቆማ ታለቅሳለች፤ ከኋላዋ ያለውን ሰው የአትክልት ጠባቂ ይመስላታል። ትርጓሜ ሊቃውንት ስለ ስሕተቷ ብዙ ብለዋል። እንግዲህ ንጋት ላይ፣ በፀደይ፣ እርጥብ አፈር ላይ የቆመ ሰው ሌላ ምን ሊመስላት ይችላል?

የሎሚዋ ባለቤት የእናትየው ችግኝ ፋሲካ ሲደርስ ቅጠሉን አራግፏል። ሦስት ሳምንት አጠጡት፤ ዘንድሮ አልዘነጉም። ግን አንድም ቅጠል የለም። ከግቢው ጥግ እንደ ማገዶ ቆሟል። የልጅ ልጃቸው ይነቀል ይላል፤ ቦታውን ለቃሪያ ይፈልገዋል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ግንዱን ወደ ሥሩ አካባቢ ያዙት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቆዳውን ፋቅ አደረጉት። ግራጫው ተላጠ። ከሥሩ እርጥብ ነው፣ ቀጭን አረንጓዴ መስመር።

«ምን አለ?» አላቸው ልጁ።

«ጣሳውን አምጣልኝ።»